የቦራ አባት

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 20

«ሁለተኛው መስመር ላይ ያልጠበቅሁት ነገር አጋጠመኝ» ይላል ፕሮግራሙ። ምን ጠብቆ እንደነበር አይናገርም። ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር እያሳየኝ ምሳ ሰዓት ደረሰ። በሕይወቴ የዘጉኝ ሰዎች አሉ፤ በዚህ ዓይነት ትሕትና የዘጋኝ ግን የለም።

ነገሩ ሲምታታብኝ የምመለስበት እንዲኖረኝ ልጻፈው። የብልባላ በግ አርቢዎች ማኅበር አራት አውራ በጎች አሉት። ማኅበሩ ለዘር ያስቀረውን አውራ ማኅበሩ ይቀልበዋል። ያላስቀረውን ባለቤቱ መቀለብ አይችልም፤ ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ስለወጣ ገለባ የለም። ስለዚህ ያልተመረጠ ሁሉ ለገና ይሸጣል፣ የሚገዛውም ለቢላ ነው የሚገዛው። ምርጫውን በቀንድና በቁመት ሳይሆን በዘር እናድርገው ብለን ከየበጉ ጆሮ ቅንጣት ሥጋ ቆርጠን ውጭ አገር ላክን። ቤተ ሙከራው የበጎቹን ዘረመል አንብቦ ፋይሉን መለሰልን። የእኔ ሥራ ወንድማማች አውራዎችን መለየት ነው። ወንድማማቾች አብረው ከቀሩ መንጋው ከራሱ ጋር ይዋለዳል፣ ግልገሎቹም ከዓመት ዓመት እየኮሰመኑ ይሄዳሉ። ሥራው ቀላል ነው፤ ፋይሉ ከተከፈተ።

የመጨረሻው የገና ገበያ ቅዳሜ ነው። እስከዚያ መልስ ካልሰጠሁ መጀመሪያ የሚሸጠው ትልቁ በግ ነው፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ትልቁ የእትዬ ደብሬ ቦራ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ አሉት። እናቱ ስትሞት እትዬ ደብሬ ከሌላ በግ እያለቡ በእጃቸው ያሳደጉት ነው። ባላቸው ካረፉ ወዲህ ግቢያቸው ውስጥ ድምፅ ያለው እሱ ብቻ ነው ይላሉ። ባለፈው ሳምንት ስሄድ «ልጄ፣ አንቺ ይቅር ካልሽው ይቀራል» አሉኝ። እኔ ሳልሆን ፋይሉ ነው የሚወስነው ብል አልገባቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የሁለተኛው መስመር ምሥጢር ተገለጠ። ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ ባየ ቁጥር አዲስ ዓምድ የተጀመረ ይመስለዋል። የበጎቹን ዝርዝር የሞላው የብልባላው የልማት ሠራተኛ እሸቱ ነው፤ ስሞቹን ሁሉ በፊደላችን፣ ከነአባትና ከነማዕረግ፣ በመሃላቸው ሰፊ ቦታ እየተወ ጽፏል። የእጅ ጽሑፉም እንደዚሁ ያማረ ነው። ፕሮግራሙ ፊደላችንን ስለማያውቅ ሁሉንም የጥያቄ ምልክት አደረገው። መንጋው በሙሉ «????» ይባላል።

ትንሽ ትእዛዝ ጻፍኩና በዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ስም በቁጥር ለወጥኩት። አንድ ስም፣ አንድ ቁጥር። ሠራ። ማለት፣ ሁለተኛውን መስመር አለፈ። አሁን የሚያማርረው ስለ ሦስተኛው ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 21

መብራት የለም። ላፕቶፔን ይዤ የአክስቴ ልጅ ሀብቴ ጋ ሄድኩ። እዚሁ ላሊበላ ትንሽ ሆቴል አለው፣ ጄኔሬተርም አለው፣ ምላስም አለው። እንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ ጠረጴዛ ሰጠኝ።

«በጾም ቀን ስለ በግ ብቻ የምታስብ ሴት አንቺን አየሁ» አለ።

«አንተስ የስንት በግ ሂሳብ ነው የያዝከው?»

«የእኔ ለፍስክ ነው። የአንቺ ኃጢአት ነው።»

እውነቱን ነው፤ እሱም ከእኔ እኩል በግ ይፈልጋል። ለገና ሆቴሉ በእንግዳ ስለሞላለት ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ የሚገዛ እሱ ነው።

የዛሬው በሽታ፦ ጠዋት ፋይሉን በሰንጠረዥ ፕሮግራም ከፈትኩት። ለማየት ብቻ ነው፣ ምንም አልነካሁም። የበጎቹ የጆሮ ቁጥር የመንደሩን ቁጥርና የበጉን ቁጥር በሰረዝ አያይዞ ነው የሚጻፈው። ሦስተኛ መንደር፣ አሥራ ሁለተኛ በግ፣ 3-12። ሰንጠረዡ ይህን አይቶ «ይህማ ቀን ነው» አለና የበጉን ስም ዲሴምበር 3 አደረገው። እኔን ሳይጠይቅ። በፈረንጅ አቆጣጠር። ከላስታ በጎች ግማሾቹ አሁን የልደት ቀን ናቸው፤ ከአሥራ ሁለት ያላለፈ ቁጥር የደረሳቸው ማለት ነው። የተቀሩት ከአሥራ ሁለት በላይ ቁጥር ስላላቸው በግነታቸውን ጠብቀዋል።

ከመጀመሪያው ፋይል እንደገና ጀመርኩ። ምሽት ላይ ማድረግ የሌለብኝን ነገር ወረቀት ላይ ጽፌ ላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጠፍኩ፦

በሰንጠረዥ አትክፈቺ።
«አስቀምጥ» ሲል እሺ አትበይ።
ቅጂ ሳትይዢ ምንም አትንኪ።
ከሀብቴ ጋር አትከራከሪ።

አራተኛውን ሀብቴ አንብቦ ፈረመበት።

የዛሬ ድል፦ ሦስተኛው፣ አራተኛውና የተቀሩት መስመሮች ሁሉ አለፉ። ፕሮግራሙ ፋይሉን እስከ ታች አነበበ። ካነበበ በኋላ አልቀበልም አለ፤ ግን አንብቧል። ይህም አንድ ነገር ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 22

«ክሮሞዞም 27 የሚባል ነገር የለም።»

አለ እንጂ። በግ ሃያ ሰባት ጥንድ አለው። ይህን የማውቀው ትምህርት ቤት ስለገባሁ ነው፤ ፕሮግራሙ ግን በጎቼን ሰው ነው ብሎ ነው የያዛቸው። ሰው ሃያ ሦስት ጥንድ ነው ያለው። ስለዚህ ከሃያ ሦስተኛው በላይ ያለውን ትርፍ አድርጎ ጣለው። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች በምድር ላይ የሚመረመር ፍጡር ሰው ብቻ ነው ብለው የጀመሩ ናቸው። አልፈርድባቸውም፤ ብልባላን አላዩም።

መመሪያውን ሳነብ ዋልኩ። መጨረሻ ላይ ከትእዛዙ ኋላ «በግ» የሚል አንድ ቃል መጨመር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ፕሮግራሙ ሦስት ቀን ሙሉ ይህችን እስክነግረው ነበር የሚጠብቀው። እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ብዙ ትዳር እንዲህ ነው የሚፈርሰው ስል ሀብቴ «አንቺ በየት አውቀሽ?» አለኝ። የትናንቱን አራተኛ አንቀጽ ጠቆምኩት።

እሸቱ ደወለ። በስልክም በሪፖርት ቋንቋ ነው የሚናገረው።

«አርቢው በአንድ ለአምስት አደረጃጀቱ በጉዳዩ ላይ ተወያይቶ የጋራ አቋም ይዟል።»

«ምን የሚል?»

«ፍጠኝ የሚል።»

እሸቱ ክፉ ሰው አይደለም። ብልባላን በእግሩ የሚዞር፣ የማንም በግ ሲታመም ጎህ ሳይቀድ የሚደርስ ነው። አለቆቹ የሚሰሙት በዚያ ቋንቋ ብቻ ስለሆነ ሌላውን እየረሳው ነው።

«እትዬ ደብሬስ?» አልኩት።

«እሳቸው ከአደረጃጀቱ ውጭ በግል በየቀኑ ይጠይቁኛል።»

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 23

ሠራ!

ምንም ስህተት የለም። አንድም። ፕሮግራሙ ከዳር እስከ ዳር ሮጦ በመጨረሻ «ተጠናቋል» አለ። ተነስቼ እንግዳ መቀበያው መሃል ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ የአገሬው ልማድ መስሎት ፎቶ አነሳኝ።

ውጤቱ ግን እንደ ስሜቴ አልነበረም። ከአራቱ አውራዎች ሦስቱ የአንድ አባት ልጆች ናቸው ይላል፤ ቦራ፣ እንዲሁም የእትዬ ደብሬ ሁለት ወንድሞች የካሳዬና የውብሸት በጎች። ከሦስቱ አንድ ብቻ ይቅር፣ እሱም ከእናት በጎቹ ጋር ዝምድናው አነስተኛ የሆነው፣ የውብሸት። አራተኛው ምንም ችግር የለበትም። ቦራና የካሳዬ በግ ይሸጡ።

ደግሜ አየሁት። ያው ነው።

እንዴት እንደምነግራቸው ሳስብ እትዬ ደብሬ ራሳቸው መጡ። ከብልባላ ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በአይሱዙ ነው የመጡት። ነጠላቸው አቧራ ለብሷል።

«ተናገረ?» አሉኝ በር ላይ እንደቆሙ። ላፕቶፑን ነው።

«ተናግሯል። ይግቡ፣ ይቀመጡ እትዬ ደብሬ።»

«ቆሜ ልስማው።»

«ቦራ ከካሳዬና ከውብሸት አውራዎች ጋር ወንድማማች ነው ይላል። በአባት።»

ትንሽ አሰቡ። «አንድ ሜዳ ነው የሚግጡት» አሉ። «የትኛው በግ በየት ዞሮ እንደገባ ማን ያያል? ይሆናል።»

«ከሦስቱ አንድ ነው የሚቀረው። የውብሸት።»

እኔ ብዙ አወራሁ፤ ስለ ዝምድና፣ ስለሚኮሰምኑ ግልገሎች፣ ስለ ገለባው። ስጨርስ፣

«ማሽኑ ቦራን አይቶታል?» አሉ።

«ደሙን አይቶታል።»

«መልኩንስ?»

«መልክ አያይም።»

«እንዲያ በይኝ» አሉ፣ ቅሬታም የለበትም አነጋገራቸው። «መልኩን ቢያይማ አይጨክንም ነበር።»

ሀብቴ ሻይ ይዞ መጣ፣ አልጠጡም። የሚመለሰው አይሱዙ እንዳያመልጣቸው ተነሱ። በር ላይ ዞር ብለው «አንቺ ደክመሻል፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻል ነበር።

የዛሬ ድል ብዬ ልጽፍ ነበር። ይቅር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 24

ጠዋት ስነሳ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። ያስቸገረኝ «ተጠናቋል» ያለው ነገር ነው። ሦስት ቀን በየመስመሩ ሲያማርር የነበረ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ እንዲህ ሰላማዊ ሲሆን ሰው መጠርጠር ነበረበት።

ስለዚህ ውጤቱን ትቼ ዘረመሉን ራሱን አየሁ። ወንድማማቾች በደማቸው ብዙ ነገር ይጋራሉ። የካሳዬና የውብሸት በጎች ይጋራሉ፤ ደህና። ቦራ ግን ከሁለቱም ጋር የሚጋራው ከመንገደኛ የማይበልጥ ነው። ታዲያ ወንድማቸው ነው ያለው ማን ነው?

ፕሮግራሙ መመሪያው ላይ በግልጽ ተናግሯል፣ እኔ ነኝ ያላነበብኩት፦ መጀመሪያ የሚያምነው በፋይሉ «አባት» የሚለው ዓምድ ላይ የተጻፈለትን ነው። አባቱ ከተነገረው ደሙን አይጠይቅም።

ዓምዱን አየሁ። የቦራ አባት 41። የካሳዬ በግ አባት 41። የውብሸት በግ አባት 41። ቁጥሩን ሰኞ ዕለት የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተመልሼ የቁጥሮቹን ዝርዝር ከፈትኩና 41 ማን እንደሆነ ፈለግሁ።

41፦ መምሬ ደጉ።

መምሬ ደጉ በግ አይደሉም። ከሰማንያ ዓመት በላይ የሆናቸው የብልባላ ካህን ናቸው፤ የእትዬ ደብሬ፣ የካሳዬና የውብሸት አባት።

ከዚያ የአራተኛውን አውራ አባት አየሁ። ከአሥር ዓመት በፊት ያረፉ ግራዝማች ናቸው።

እሸቱ ለስብሰባ ላሊበላ መጥቷል። ከአዳራሹ አስጠርቼ አወጣሁት፤ ከእጁ እስክርቢቶ ሳይወጣ መጣ።

«እሼ፣ የአባት ዓምድ ላይ ምን ነበር የሞላኸው?»

«አባት።»

«የማንን አባት?»

«የባለቤቱን ነዋ። የበጉን አባት ማን ያውቀዋል? ሜዳ ላይ የተገኘ መንጋ ነው።»

«ባዶ ብትተወውስ?»

እሸቱ አዘነልኝ። «አንቺ» አለ፣ «ባዶ ዓምድ ያለው ቅጽ ወረዳ ልከሽ አታውቂም ማለት ነው።»

በፊቱ መሳቅ አልፈለግሁም፣ ማልቀስም አልፈለግሁም። ደግሞ እኮ እሱ ያደረገው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። እዚህ አገር ስም ብቻውን ስም አይደለም፤ ደብሬ ሲሉህ የማን ደብሬ ብለህ ትጠይቃለህ። በግም ቢሆን የማንም ያልሆነ ሆኖ መዝገብ ሲገባ አላስቻለውም።

ነገሩን ስነግረው ፊቱ ገረጣ። «መምሬ ደጉ ከሰሙ» አለ። ከዚያ ሌላው ነገር መጣበት። «እትዬ ደብሬ ነገ በጠዋት ቦራን ይዘው ይወጣሉ እኮ!»

ብልባላ ደወልን፤ ኔትወርክ የለም። ደግመን ደወልን። እሸቱ ወደዚያ የሚሄድ መኪና ሊፈልግ ሮጠ። መኪና ሁሉ ለገና ሰው እየጫነ ወደ ላሊበላ ነው የሚመጣው፤ ወደ ውጭ የሚሄድ አንድም የለም።

የአባት ዓምዱን በሙሉ ዜሮ አደረግሁት። ለፕሮግራሙ ዜሮ ማለት «አይታወቅም» ማለት ነው። አሁን በደም ብቻ ይፈልግ። ይህ ግን ረጅም ሥራ ነው፤ እያንዳንዱን በግ ከእያንዳንዱ ጋር ያስተያያል። አስጀመርኩት። ግማሽ ሲደርስ ሀብቴ ነዳጅ ለመቆጠብ ጄኔሬተሩን አጠፋ። ባትሪዬ አርጅቷል። ሁሉም ከዜሮ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 25

ማለዳ አስጀምሬው ወደ በግ ተራ ወጣሁ። ጄኔሬተሩን የሚጠብቅ እሸቱን አስቀመጥኩ፤ የስብሰባውን ሁለተኛ ቀን ቀረ። በአገልግሎት ዘመኑ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

በግ ተራው ሰው በሰው ላይ ነው። ከሩቅ አገር የመጣው ነጭ የለበሰ ሕዝብ፣ ነጋዴው፣ በጉ፣ አህያው፣ ሁሉም በአንድ በር ይጋፋል። መጀመሪያ ያየሁት የእትዬ ደብሬን ወንድም ካሳዬን ነው። እጁ ባዶ ነው። በጉን ሸጦ ጨርሷል። ደስ ብሎት ሰላም ሲለኝ ምን እንደምለው ጠፋኝ። የእሱስ በግ ያለ ጥፋቱ ሄዶ ቢሆንስ?

ቦራን ከሩቅ አየሁት፤ ከሁሉም ከፍ ብሎ ይታያል። ገመዱን የያዙት እትዬ ደብሬ ናቸው። ጎንበስ ብሎ ወገቡን የሚጨብጥ ገዢ አለ። ቀና ሲል ሀብቴ ነው።

«ይህ ነው በግ!» አለኝ። «የአንቺ ላፕቶፕ ውስጥ ያሉት ምን ያደርጋሉ?»

«ልቀቀው። እትዬ ደብሬ፣ እንዳይሸጡት።»

እትዬ ደብሬ ፊታቸውን ወደ እኔ አላዞሩም። «ጨርሰናል ልጄ» አሉ። «አታስቸግሪኝ። ጨክኜ የወጣሁት አንድ ጊዜ ነው።»

«ተሳስቼ ነው። ወንድማቸው ላይሆን ይችላል።»

«ትናንት ወዲያ ወንድማቸው ነበር።»

«ፋይሉ ላይ የተጻፈው አባት የበግ አልነበረም።»

«የምን ነበር?»

ዙሪያችን ሰው ቆሟል። በላሊበላ ገበያ ሁለት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲነጋገር አሥር ሰው ይሰበሰባል። ቀረብ ብዬ በጆሯቸው ልነግራቸው ሞከርኩ። አልሰሙኝም። ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

«የእርስዎን አባት ነው የጻፉት። መምሬ ደጉን።»

«ምን ላይ?»

«የቦራ አባት በሚለው ላይ።»

ከዚያ ከኋላ አንድ ነጋዴ «አበስኩ ገበርኩ!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። «ታዲያ ግንባሩ ላይ ያለው ነጭ የጥምጥሙ ነዋ!» አለ ሌላው። አንዲት ሴት «በስመ አብ በሉ! በጾም!» እያለች ራሷ ትስቃለች። እትዬ ደብሬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል፤ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፣ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

«እንግዲያ ቦራ ወንድሜ ነበር በይኛ» አሉ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ዓይኔን እያዩ ጠየቁኝ።

«አሁንስ? ይቀራል ነው የምትይኝ?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ማሽኑ ገና አልጨረሰም። ቦራ ከሁለቱ ጋር ወንድም አለመሆኑን አይቻለሁ፣ ግን ከእናት በጎቹ ጋር ያለው ዝምድና አልተቆጠረም። ምናልባት ከግማሹ መንጋ ጋር ዘመድ ሊሆን ይችላል። ያኔ ለገና ያጡት ገዢ ከበዓሉ በኋላ አይገኝም፣ ገለባውም የለም።

«አላውቅም» አልኳቸው። «ነገ ጠዋት አውቃለሁ።»

«ሐሙስ ዕለት አውቀሽ ነበር፣ ተሳሳትሽ። ዛሬ አታውቂም፣ እመኝኝ ትያለሽ።»

«አዎ።»

ገመዱን በእጃቸው አዞሩት። እትዬ ደብሬ ቦራን አዩት፣ እሱ ደግሞ የአንድ ሰውዬ ዘንቢል ውስጥ አፍንጫውን ከትቶ ጎመን ይበላል።

«ሐሙስ እርግጠኛ ነበርሽ፣ ፊትሽ ደስ አይልም ነበር» አሉ። «ዛሬ ይሻላል። ነገ ጠዋት ድረስ።»

ሀብቴ ሌላ በግ ገዛ። ቦራ ዛሬ ማታ ሆቴሉ ጓሮ ታስሮ ያድራል፤ ከጄኔሬተሩ አጠገብ። እትዬ ደብሬን አክስቴ ዘንድ ወሰድኳቸው። እሸቱ ጄኔሬተሩ ሥር ጋቢ ለብሶ ተቀምጧል፤ ነዳጅ ሲያልቅ እሱ ሊጨምር፣ ቦራ ገመዱን ሲበላ እሱ ሊከለክል።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 26

ከቅዳሴ መልስ ውጤቱ ነበር።

ቦራ ከካሳዬም ከውብሸትም በግ ጋር ዝምድና የለውም። ከእናት በጎቹም ጋር ከአራቱ ሁሉ ሩቁ እሱ ነው። ምናልባት አባቱ አንድ ቀን ከሌላ አገር ነጋዴ ጋር ያለፈ በግ ይሆናል፤ አይታወቅም፣ አሁን ማንም ዓምድ ውስጥ አይሞላውም። የካሳዬና የውብሸት በጎች ግን እውነትም በአባት ወንድማማች ናቸው፤ ከሁለቱ የሚቀረውም የውብሸት ነው። ስለዚህ የካሳዬ በግ መሸጡ ልክ ነበር። ፕሮግራሙ ካህኑን አባት አድርጎ ትክክለኛ መልስ ላይ ደረሰ። ይህን ሳነብ የተሰማኝ እፎይታ የሚያኮራ አይደለም። ዕውቀት አልነበረም፤ ዕድል ነበር፣ ያውም የካሳዬ ዕድል። ለእሱም እንደዚሁ አድርጌ እነግረዋለሁ።

እትዬ ደብሬ ከቤተ ማርያም ሲወጡ አገኘኋቸው። ብቻቸውን አልነበሩም። መምሬ ደጉ ለበዓሉ ቀድመው ገብተዋል፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ከልጃቸው ጎን ቆመዋል። መሬት ቢከፈት እገባ ነበር። እጃቸውን ልስም ጎንበስ አልኩ።

«ያቺ ልጅ ናት?» አሉ።

«እሷ ናት፣ አባቴ» አሉ እትዬ ደብሬ።

«ይፍቱኝ መምሬ» አልኩ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው በመስቀላቸው ባረኩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ፣ «የንስሐ ልጆቼ ብዙ ናቸው። አንዳንዶቹ ከዚያ በግ የባሱ ናቸው። አንድ ቢጨመር አይከብደኝም» አሉ።

ውጤቱን ነገርኳቸው። እትዬ ደብሬ የሰሙኝ አልመሰለኝም፣ ስለዚህ ደገምኩት። «ይቀራል። ቦራ ይቀራል። ማኅበሩ ይቀልበዋል።»

«ሰማሁሽ» አሉ። «ደግመሽ እንድትናገሪው ነው ዝም ያልኩት።»

ሳይውሉ ተነሱ። ለገና ሦስት ቀን ቀርቶት ላሊበላን ለቅቆ የሚሄድ ሰው የለም፤ እሳቸው ግን ቦራን በሰው መሃል አንድ ቀን አላሳድርም አሉ፤ ለበዓሉ እመለሳለሁ ብለዋል። በብልባላ መንገድ እስከ ከተማው ዳር ሸኘኋቸው። ከላይ ምእመኑ እየዘመረ ይወርዳል፤ መንገዱ ነጭ በነጭ ነው። እሳቸው በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቦራን እየጎተቱ ሽቅብ ይሄዳሉ። ሰው ለቦራ መንገድ ይለቅለት ነበር። እየራቁ ሲሄዱ መጨረሻ ላይ የሚታየኝ ቀንዱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ተመልሼ እስከ ማታ ተኛሁ። የተኛሁት ያን ያህል ደህና እንቅልፍ አልነበረም። አይሱዙ ባይገኝስ? መንገድ ላይ ገዢ ቢያባብላቸውስ? ደግሞ የሌሎቹ መንደሮች ፋይል አለ፤ የሞሉት ሌሎች የልማት ሠራተኞች ናቸው፣ እነሱም ባዶ ዓምድ አይወዱም። አንዱን ከፍቼ የአባት ዓምዱን አየሁ። የአንድ በግ አባት ሻምበል ነው። ዘጋሁት።

ሲመሽ ስልኬ ጮኸ። እሸቱ ነው፣ ከእትዬ ደብሬ ጋር ነበር የተመለሰው። ኔትወርኩ ይቆራረጣል።

«ደርሰናል» አለ። «አውራው በሰላም ወደ መንጋው ተቀላቅሏል።»

«እትዬ ደብሬስ?»

«በረቱ በር ላይ ናቸው፣ ቆመው ያዩታል። ይግቡ ብላቸው አይገቡም።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ለአንዴ እንኳ ያለ ሪፖርት ቋንቋ፣ ሳቁን እየታገለ፣

«ኧረ አንቺ» አለ፣ «ቦራ ሥራ ጀምሯል!»